ከፈተናው በኋላ የሚመጣ ፈተና

በቋንቋችን «ፈተና» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ተማሪ ዕውቀቱ የሚለካበትም ፈተና ነው፤ አማኝ በሕይወቱ የሚያልፍበት መከራም ፈተና ነው። ለብዙዎቻችን ሁለቱ ለየብቻቸው የሚመጡ ናቸው። የሕክምና ሙያ ፈቃድ ፈተና ለሚፈተን ሰውና ለትዳር ጓደኛው ግን ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም በፈተናው ዕለት ሳይሆን ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ላካፍላችሁ የምወደው ስለዚያ ማግስት ነው። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ለፈተና ሲዘጋጁ ቤተ ክርስቲያን ትጸልያለች፤ ውጤቱ መልካም ሆኖ ሲመጣ ደግሞ እልል ትላለች። በመካከል ስላሉት ሳምንታት ግን ከመድረክ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ትዳር የሚፈተነው ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ነው።

ባለቤቴ በኢትዮጵያ ሕክምና ተምሮ በሐኪምነት ካገለገለ በኋላ ወደ አሜሪካ መጥተን በሜሪላንድ ኖርን። ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም በዚህ አገር ሬዚደንሲ ገብቶ ለመሥራት ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. የሚባለውን ፈተና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ማለፍ አለበት፤ ሦስተኛውም ከፊቱ ይጠብቀዋል። ባለቤቴ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያውን ደረጃ ሲፈተን፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ በሰባት ክፍል የተከፋፈሉ እስከ 280 የሚደርሱ ጥያቄዎች ቀርበውለታል። አንዱ ክፍል ከተዘጋ ተመልሶ ማየት አይቻልም። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የዚህ ደረጃ ውጤት በቁጥር መሰጠቱ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብቻ ሆኗል። በ2023 ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 72 ያህሉ ነበሩ። ውጤቱ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀውም ረቡዕ ቀን ነው። ስለዚህ በቤታችን ረቡዕ ከሌሎቹ ቀናት የተለየ ቀን ሆነ።

የማግሥቱ ሕይወት

ባለቤቴ ለሁለት ዓመት ያህል ቀን በፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት እየሠራ፣ ሌሊት እያጠና ነው ለዚያ ቀን የደረሰው። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችን። ፈተናው ሲያልቅ አንድ ሳምንት እንቅልፍ የሚተኛ መስሎን ነበር። እንቅልፉ ግን ከፈተናው ጋር አብሮ ሄደ።

ከከባድ ፈተና የወጣ ሰው አብሮት የሚሰነብተው የተጠራጠረው ጥያቄ ነው። በትክክል የመለሰውን ወዲያው ይረሳዋል፤ ያመነታበት ግን ዕቃ ሲያጥብም፣ አውቶቡስ ሲጠብቅም ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቴ እኩለ ሌሊት ይነሣና መጽሐፍ ይገልጣል፤ ገልጦም «ይኸው፣ ይህንንም ስቻለሁ» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አሥራ አራት ስሕተት ቆጥሮ ነበር። ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል ለሙከራ የገቡና የማይታረሙ እንዳሉ ያውቃል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ማንም ተፈታኝ አይነገረውም። ስለዚህ ቢቆጥረውም ወደ ውጤቱ አያደርሰውም። ይህን እያወቀ ይቆጥር ነበር።

በዚያ ላይ ስልኩ አያርፍም። ገና የሚፈተኑ ወዳጆቹ «ምን ምን መጣ?» ይሉታል። ተፈታኝ ጥያቄዎቹን ለማንም እንዳይገልጽ ቃል ገብቶ ነው የሚቀመጠው። «ተስማምቼ የገባሁበት ነገር ነው፤ መናገር አልችልም» ሲላቸው አንዳንዶቹ ተቀየሙት፤ ባዕድ ሆነብን አሉ። ፈተናውን ከጨረሰም በኋላ በታማኝነቱ መፈተኑ አልቀረም።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወገኖቻችን ገና ከመጣን ጀምሮ «ዶክተር» እያሉ ነው የሚጠሩት። በፍቅር የተባለ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ስም እንደ ዕዳ ይከብዳል። «እንዴት ነበር?» ያላለን ሰው አልነበረም። አንዲት እኅት ደግሞ በኮሪደሩ ላይ አቁማን፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ በመንፈስ እንዳየችውና ማለፉ እንዳለቀ ነገረችን። ከቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ባለቤቴ ግን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «አሁን ብወድቅ የምወድቀው ፈተናውን ብቻ አይደለም፤ ወይ እግዚአብሔርን ሐሰተኛ አደርገዋለሁ፣ ወይ እምነት የለውም እባላለሁ» አለኝ።

በእነዚያ ሳምንታት ስለ ፈተናው ምንም ያልጠየቀችው እናቱ ብቻ ነበረች። ከኢትዮጵያ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ የምትለውም «ልጄ፣ በላህ? ተኛህ?» ብቻ ነው። «በልቻለሁ፣ እማዬ» ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ከሌላው ሰዓት ሁሉ ይልቅ የተፈታ ይሆን ነበር። የእርሷ ልጅ ለመሆን ማለፍ አያስፈልገውም ነበርና።

ምን ብለን እንጸልይ?

አንድ ምሽት ልጃችንን አስተኝተን አብረን ለመጸለይ ተንበረከክን። «ጌታ ሆይ፣ እባክህ አሳልፈው» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «መልሱ ተመልሶ አልቋል። የሳትኩትን ትክክል አድርግልኝ ብዬ መለመን አልቻልኩም። ይህ ፈተና የተሠራው እኮ ነገ እጄ ላይ ለሚወድቀው በሽተኛ ተብሎ ነው። የማላውቀውን እንደማውቅ ተቆጥሮልኝ ባልፍ ተጎጂው እርሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ብለን እንጸልይ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ያላወቅሁትን እንዲያሳየኝ» አለ። «ደግሞ ውጤቱ በመጣ ቀን ከአንቺም ከእርሱም እንዳልሸሽ።»

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንዲሁ ጸለይን። የምንለምነውን ስላወቅን ይሆናል፣ ጸሎታችን አጠረ፤ ከልብም ሆነ።

በዚያው ሰሞን በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ያለችው ሐና በሌላ መልክ ታየችኝ። ስለ ሐና ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምንቸኩለው ወደ ሳሙኤል ነው። ታሪኩን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ግን ሐና ከሴሎ መቅደስ ወጥታ የበላችውና ፊቷ ከሐዘን የተፈታው ገና ምንም ሳታይ ነው። ልጅ አልጸነሰችም፤ በጆሮዋ ያለው የካህኑ የዔሊ ቃል ብቻ ነበር። ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፍስሳለች፤ ከዚያ በኋላ ምግብ መብላት ቻለች። ፊቷ ከውጤቱ በፊት ተለወጠ።

ባሏ ሕልቃናም የሚያስተምረን አለ። ሐናን ይወዳት ነበር፤ የእርሱ ፍቅር ልጅ የማጣቷን ሐዘን እንዲተካላትም ይመኝ ነበር። ፍቅሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዕንባዋን አላደረቀውም። ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ብዙዎቻችንን ያሳርፈናል ብዬ አምናለሁ። የትዳር ጓደኛችን እያለን ማዘኑ እኛን መናቁ አይደለም። አንዳንዱን ሐዘን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ነው የሚያፈስሰው፤ የእኛ ድርሻ መንገዱን አለመዝጋትና ሲመለስ ማዕዱን አቅርቦ መጠበቅ ነው።

በወረቀት ላይ የጻፍነው

ጸሎት ከማቀድ አያግድም። ረቡዕ ከመምጣቱ በፊት ተቀምጠን ጥቂት ነገሮች ተስማማን። ስለ ፈተናው የምናወራው ልጃችን ከተኛች በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ በቀረው ሰዓት እርሱ ባል ነው፣ አባት ነው። ውጤቱን ብቻውን ሆኖ፣ በሥራ ቦታም ሆኖ አይከፍተውም። ውጤት የሚጠበቅበትን ረቡዕ ከሁለት ሰው በቀር ማንም አያውቅም። በመጨረሻም አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለን በአንዱ ወገን «ካለፈ»፣ በሌላው «ካላለፈ» ብለን ጻፍን። ልብ ከመሰበሩ በፊት የታሰበ ነገር ልብ ሲሰበር ይጠቅማል። በ«ካላለፈ» ሥር የጻፍነው ይህን ነበር፦ አንድ ወር መጽሐፍ አይገለጥም፤ ለእናቱ ራሱ ይነግራታል፤ እሑድ እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ከወሩ በኋላ ስለ ገንዘቡና ስለ ቀጣዩ ፈተና እንወያያለን።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ውጤቱ መጣ። አላለፈም።

ኮምፒዩተሩን ዘጋና ለጥቂት ደቂቃ ግድግዳውን ተመለከተ። ከዚያ «ልጄን ከዴይኬር ላምጣ» ብሎ ተነሣ። ማታ ለእናቱ ደወለላት። «አልሆነም፣ እማዬ» አላት። እርሷም ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «እራት በልታችኋል?» አለች። በዚያ ሌሊት አብረን አለቀስን። ወረቀቱ ግን ነገ ምን እንደምናደርግ ይነግረን ነበር፤ እኛ ማሰብ ባልቻልንበት ሰዓት ያሰብነውን ጠበቀልን።

መጋቢያችን በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ቤታችን መጣ። አልሰበከንም። ቡና ጠጣ፣ ከባለቤቴ ጋር ኳስ ተመለከተ፣ ልጃችንን አጫወተ፣ አጭር ጸሎት ጸልዮ ሄደ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ የተቀመጡበትን ክፍል (ኢዮ 2፥13) ያን ቀን አስታወስኩ። እነዚያ ሰዎች የበደሉት መናገር ሲጀምሩ ነው፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ ግን ወዳጆች ነበሩ።

ወሩ ሲያልቅ ባለቤቴ ከውጤቱ ጋር የተላከለትን ዝርዝር ገለጠ። ላላለፈ ሰው በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደደከመ የሚያሳይ መግለጫ አብሮ ይሰጠዋል። ጣቱን እየሄደ አነበበውና «ያላወቅሁትን አሳየኝ ብለን ነበር፤ ይኸው አሳየኝ» አለኝ። የዚያ ጸሎት መልስ በ«አላለፈም» ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ አልጠበቅንም ነበር።

በ2024 ድጋሚ ተፈትኖ አለፈ። ጌታ ይባረክ! ይሁንና የመጀመሪያው ውድቀት ከመዝገቡ አይፋቅም፤ ሬዚደንሲ ሲያመለክት የሚያዩት ያዩታል። ሁለተኛውም ደረጃ ሥራውን ይጠይቃል። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ሁሉ ነገር ስላለቀልን አይደለም።

ለወገኖቼ የምለው

በየጉባኤያችን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ ሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይፈተናሉ፤ ካለፉት ጋር ያላለፉም አብረውን ይዘምራሉ። ለዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. እንኳ ከ2021 ወዲህ የተፈቀደው ሙከራ ለእያንዳንዱ ደረጃ ከስድስት ወደ አራት ስለወረደ፣ አንዱ ውድቀት ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ስታገኙ «እንዴት ነበር?» ከማለት «በላህ? ተኛሽ?» በሉ። ልጃቸውን ለሁለት ሰዓት ያዙላቸው፤ ወጥ ሠርታችሁ ላኩላቸው። እግዚአብሔር በግልጽ ያልሰጣችሁን ቃል በእርሱ ስም አትስጡ፤ ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር የሚሸከመው ያ ሰው ነውና።

የምስክርነት ጊዜም ላለፈው ብቻ አይሁን። «አላለፍኩም፤ ጌታ ግን አልተወኝም» የሚልም መድረኩ ላይ ይቁም። ያን የሰማ ሌላ ወንድም ከእሑድ አምልኮ መሸሹን ሊተው ይችላል።

ደግሞም ሐዘኑ የሚጸና፣ «ባልኖር ይሻለኛል» እስከ ማለት የሚደርስ ሰው ካለ፣ በጸሎት ብቻ ሸኝታችሁ አትመለሱ። አጠገቡ ቆዩ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በአሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ። ለሌሎች ሐኪም ሊሆን የሚለፋ ሰው ለራሱም ሐኪም ቢያስፈልገው ነውር የለበትም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ውጤት በምትጠብቁባቸው ሳምንታት አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በሁለቱም ወገን ጻፉ። ከዚያ ጸልዩና ብሉ። ሐናን በሴሎ ያጽናና ጌታ የእናንተንም ፊት ከውጤቱ በፊት ይፍታ። አሜን።