ወንበር የሚለቅ ታላቅ

ከጃዝ ኮንሰርቶች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ የምጠራው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1989 ለንደን፣ ሮያል ፌስቲቫል ሆል የተቀዳውን ነው። የትራምፔተኛው የዲዚ ጊሌስፒ ባንድ፣ ዩናይትድ ኔሽን ኦርኬስትራ፣ የተጫወተበትን።

ዲዚ ያኔ 71 ዓመቱ ነው። ጉንጩ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ የትራምፔቱ አፍ ወደ ላይ ቀንቷል። የባንዱ ባለቤት እሱ፣ ስሙም የሱ። ግን ሌሎች ሁለት ትራምፔተኞች ይዞ ነው የወጣው፦ ብራዚላዊው ክላውዲዮ ሮዲቲና ኩባዊው አርቱሮ ሳንዶቫል።

ትራምፔት ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው የከንፈርና የትንፋሽ ሥራ ነው። አርቱሮ ከታች፣ ከወፍራሙ ድምፅ ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ አሁንስ በቃው ትላላችሁ፤ እሱ ገና ይቀረዋል። ከሥር ኮንጋ የተባለው ከበሮ ምቱን አይለቅም። የላቲን ጃዝ ነፊ እንደ ልቡ የሚበረው ከበሮው መሬቱን ስለያዘለት ነው።

እንዲህ ያለውን ነፊ ከጎኑ ማቆም ለአንድ አንጋፋ ቀላል አይደለም። ዲዚ ግን የሰው ውለታ ነበረበት። ከሃቫና ኒውዮርክ የገባው ማሪዮ ባውዛ በካብ ካሎዌይ ባንድ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ወጣቱን ዲዚ እነ ካሎዌይ ይስሙት ብሎ፣ ታመምኩ በሚል ሰበብ ቀርቶ ወንበሩን እንደለቀቀለት ይነገራል። ዲዚ እ.ኤ.አ. በ1939 ባንዱን ተቀላቀለ። በ1947 ኩባዊውን ከበሮ መቺ ቻኖ ፖዞን ከዲዚ ጋር ያስተዋወቀውም ባውዛ ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሁለቱ ካርኔጊ ሆል ላይ አብረው ተጫወቱ። የኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲቀዳ የቀዳው ከዚሁ የጃዝና የኩባ ምት ምንጭ ነው።

ዲዚ አርቱሮን ያገኘው ሃቫና ነው፤ በ1977 በመርከብ ሲደርስ አርቱሮ በራሱ መኪና ከተማውን አዞረው። ትራምፔተኛ ነኝ አላለም። ማታ መድረክ ላይ ሲያየው ዲዚ ሾፌሩ ምን ሊያደርግ ወጣ ብሎ ገረመው። አርቱሮ ወታደር ሳለ የአሜሪካ ድምፅን የጃዝ ፕሮግራም ሰማህ ተብሎ የታሰረ ነው።

ለንደን ላይ ከተጫወቷቸው አንዱ «ታንጋ» ነው፤ የባውዛ ድርሰት። ከአርቱሮ ጋር «ኢራኬሬ» በተባለው የኩባ ባንድ ውስጥ የነበረው ሳክስፎኒስት ፓኪቶ ድሪቬራም እዚያው መድረክ ላይ አለ። ፓኪቶ ከኩባ ከድቶ ከወጣ ቆይቷል፤ አርቱሮ ግን ያኔ ገና ወደ ኩባ ተመላሽ ነው። በዓመቱ፣ በ1990፣ ከዚሁ ባንድ ጋር አውሮፓ ሳለ በዲዚ እርዳታ ሮም ላይ ጥገኝነት ጠየቀ።

ኮንሰርቱ በአልበም ወጥቶ ግራሚ አግኝቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን የዲዚ ልብ ነው። መድረኩን ለታናሹ ለቀቀ፤ ስሙም አልቀነሰም።

ለታናሻችሁ ወንበር የምትለቁ አንጋፋዎች ዕድሜ ይስጣችሁ። የማትለቁ ደግሞ ይህን ኮንሰርት አንዴ እዩት።