መርምሮ መፍረድ

በሰው ዘንድ ፈጥኖ የሚገኘው ፍርድ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣው ግን ምርመራ ነው። ዕቃ ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» እንላለን እንጂ «ምኑ ተበላሸ?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህ ጠባይ ሰውንም ገንዘብንም እንዴት እንደሚጎዳ፥ ከጭብጥ ከማትበልጥ አንዲት የሞተር ዕቃ የተማርሁትን ለተወደዳችሁ አንባብያን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ጦርነቱ ዋግ ኽምራን በነካበት ዘመን፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፥ የመብራት መስመር ተቋርጦ ሳለ፥ ትንሽ ጀኔሬተር ያለው አጥቢያ ራሱን እንደ ባለጸጋ ይቈጥር ነበር። በደሃና ወረዳ በአንድ አጥቢያም ምእመናን ከጎደሎአቸው አዋጥተው የገዙት ጀኔሬተር አለ። ለማኅሌቱ ሌሊት ብርሃን፥ ለስብከቱም ድምፅ ይሰጣል። የእጅ መሳቢያ ገመዱ ከተበጠሰ ቈይቷልና የሚነሣው በቁልፍ ብቻ ነው። በአንድ የበዓል ዋዜማ ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹም፥ የሚጠብቀው የአብነት ተማሪ ቁልፉን አላግባብ እየጠመዘዘ ሞተሪኖውን አቃጥሎታል ብለው ቈረጡ። አዲስ ሞተሪኖ እንዲገዛ፥ ልጁም ከጥበቃው እንዲወገድ ተወሰነ። ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም።

እኔም የዚህን ሥራ በመጠኑ ስለማውቅ፥ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲመረመር ለመንሁ። በመጀመሪያ የተጠረጠረችው ሶለኖይድ የምትባለው ዕቃ ናት። ስሙን ያወጣው አምፔር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው፤ ቃሉም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቧንቧ መሰል ማለት ነው። በእርግጥም በውስጧ በቧንቧ አምሳል የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲዞር ጥቂት ኃይል በቀጭን ሽቦ ወደ ጥቅልሉ ይገባል፤ ጥቅልሉም ማግኔት ሆኖ የብረት ዘንግ ይስባል፤ ዘንጉም በያዘው የመዳብ ዝርግ ሁለት ወፋፍራም ብሎኖችን ያገናኛል። ያን ጊዜ ብዙው ኃይል ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው ያልፋል። ጠቅ የሚለው ድምፅ የዚያ ዘንግ ድምፅ ነው። እንግዲህ ሶለኖይድ በትንሽ ትእዛዝ ታላቅ በር የምትከፍት በረኛ ናት ማለት ይቻላል።

ምርመራውም ሥርዓት አለው። ጀኔሬተሩ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጢሱ በዝግ ቤት ይገድላልና። የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋል፤ ሞተሩ ድንገት እንዳይነሣም የካንዴላው ቆብ ይነቀላል። ከዚያ ባትሪው በቴስተር ይለካል፤ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ ቢደጋገም፥ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ምንም ድምፅ ባይሰማ ፊዩዙና ቁልፉ ይታያሉ፤ ኃይል በቀጭኑ ሽቦ እስከ ሶለኖይዷ መድረሱም ይለካል። አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም ቢል ግን የቴስተሩ ሁለት ጫፎች በሁለቱ ወፋፍራም ብሎኖች ላይ ይደረጋሉ። ቁልፉ እንደ ተያዘ ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት በታች ቢወርድ በሩ ተከፍቷልና ጥፋቱ ከሞተሪኖው ወይም ከኬብሉ ነው፤ ከ12 ቮልት አካባቢ ሳይወርድ ቢቀር ግን በሩ አልተከፈተም። አንዳንዶች በሁለቱ ብሎኖች ላይ ካቻቢቴ አጋድመው ያስነሣሉ፤ ይህ በቤንዚንና በባትሪ አጠገብ ታላቅ ብልጭታ ስለሚያወጣ ሊደረግ አይገባም።

በዚያ ቀን ባትሪው ደኅና ነበር፤ ድምፁም ተሰማ፤ የቴስተሩ ቁጥር ግን አልወረደም። ያን ጊዜ አንድ አረጋዊ ካህን ወደ ልጁ ዞረው «ልጄ፥ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። እርሱም «አባቴ፥ ከወር በፊት ጀምሮ አልፎ አልፎ ጠቅ ብሎ ዝም ይል ነበር፤ ደግሜ ሳዞረው ይነሣ ነበር፤ ተናግሬም የሚሰማኝ አላገኘሁም» አለ። መዳቡ እያለቀ የሄደ ሶለኖይድ ምልክቱ ይህ ነው።

አዲሷ ሶለኖይድ ከሰቆጣ መጣች። አሮጌዋን ለማውጣት አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ሽቦዎቹም እንዳይምታቱ ምልክት ይደረግባቸዋል። የምትተካውም ቮልቷና የሽቦ መግጠሚያዎቿ ቁጥር ከቀድሞዋ ጋር አንድ መሆን አለበት። በመቀመጫዋ በኩል ከኔጌቲቭ ጋር የምትገናኝ ከሆነች፥ የምታርፍበት ብረት ከዝገትና ከቀለም ይጸዳል፤ ያለዚያ አዲሷም አትሠራም። ዳዶዎቹ በሚገባ ይጠብቃሉ፤ ኔጌቲቩም በመጨረሻ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ። አሮጌዋን በሽማግሌዎቹ ፊት ሰብረን ብንከፍታት፥ መዳቧ ከብዙ ዘመን ብልጭታ የተነሣ ጠቍሮና ተቦርቡሮ ተገኘ። ሞተሪኖው አልተቃጠለም፤ ልጁም አልበደለም። አረጋዊውም «ልጄ፥ ይቅር በለን» አሉት፤ እርሱም ጕልበታቸውን ሳመ።

ወገኖቼ ሆይ፥ የሞተሪኖው ዋጋ ቢወጣ ኖሮ ሞተሩ ባልተነሣም ነበር፤ የገንዘቡ ጥፋት ግን በሌላ መዋጮ ይተካ ይሆናል። በሐሰት የተነቀፈ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢርቅ ግን ምን ይተካዋል? በቤታችንም እንዲሁ ነው። ብርጭቆ ቢሰበር ሠራተኛይቱን፥ ገንዘብ ቢጐድል ልጁን፥ ትምህርት ቢከብድ የተማሪውን ስንፍና አስቀድመን እንከሳለን። ኃይሉ የቆመው ከየት እንደ ሆነ ከምንጩ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚመረምር ባለሙያ ለአንዲት ብረት ይህን ያህል ከታገሠ፥ እኛ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ምን ያህል ልንታገሥ ይገባን ይሆን? ለመጠየቅ የሚዘገይ አንደበትን አርቆ፥ ለመፍረድ የማይቸኩል ልብን አምላካችን ለሁላችን ያድለን። አሜን።