በጣት የሚዳሰስ ፍቅር

«ፍሎረንስ» የተባለውን የስልክ ጌም ትናንት ማታ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ ጨረስኩት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የሜልቦርኑ ማውንቴንስ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን ኬን ዎንግ ነው የመራው።

ተኩስ የለም፣ ነጥብ የለም። ፍሎረንስ ቼሎ ከሚጫወተው ክሪሽ ጋር ትዋደዳለች። ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ የንግግራቸውን ቁርጥራጭ የምንገጣጥመው እኛ ነን። መጀመሪያ ቁርጥራጩ ብዙ ነው፣ እየተላመዱ ሲሄዱ ያንሳል። ሲጣሉ ደግሞ ጠርዙ ይሾላል! መላመድና መቀያየምን እንዲህ በጣቴ ያስዳሰሰኝ ፊልም አላየሁም። አብረው መኖር ሲጀምሩ የማን ዕቃ መደርደሪያው ላይ እንደሚቀመጥ የምንመርጠውም እኛው ነን፤ እዚያ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ጽሑፉ ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ የማትችለው እናቴም ይገባታል።

አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቶ እዚህም ጌም መሥራት እንደሚቻል አሳይቶናል። እሱ የሩጫ ጨዋታ ነው፤ ደስ ይላል። እኔ ግን ስለ ፈረሰው የድሮው የልደታ መንደር፣ ስለተበተኑት ጎረቤቶችና ዕድርተኞች አንድ አጭር ጌም ናፈቀኝ። ጌም የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ እሱን ሥሩልን።