የሀብቱ ቤት በእንፍራንዝ

እምነቱ የተናጋበትን ወንድም ስለ መርዳት በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንፈጥነው ወደ ተግሣጽ ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ሀብቱ የተባለውን የእንፍራንዝ ባለጸጋ ነው።

«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632 እ.ኤ.አ.) የካቶሊክ እምነት አገሩን ባወከበት ወቅት፣ የአክሱሙ መምህር ተከሶ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ተቀመጠ። ፈረንጁም ያገሩ ካህንም «እውነቱ ከእኔ ዘንድ ነው» ማለታቸው ልቡን ከፍሎት ነበር። ንጉሡ ከሞተ በኋላ እንፍራንዝ ደርሶ፣ ለዘመዶቹ ደብዳቤ መጻፊያ ቀለምና ወረቀት ሀብቱን ለመነ። ሀብቱም ጸሐፊ መሆኑን ሲረዳ ዳዊት እንዲጽፍለት ቤቱ አስቀመጠው፤ ቆይቶም ልጆቹን እንዲያስተምርለት ሰጠው። ሃይማኖቱን ሲመረምረው ግን በትረካው አናይም።

(ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጣሊያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ ክርክሩ አልተቋጨም። የፈጠራ ድርሰት እንኳ ቢሆን፣ ደራሲው ያገራችንን ሰው ጠባይ አሳምሮ ያውቃል።)

እኔን የሚማርከኝ የእርዳታው መልክ ነው። ለተቸገረው ሰው የተሰጠው ምጽዋት ሳይሆን በሙያው የሚያስከብረው ሥራ ነበር። የጽዋ ማኅበርተኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ድግሱ ለከበደው ባልንጀራ ተራውን ሲሸፍኑለት ምክንያቱን አይጠይቁትም፤ ወንበሩንም አይነፍጉትም።

ዘርዐ ያዕቆብ ጥርጣሬውን በልቡ ይዞ በዚያው አገር አረጀ። ከሀብቱ ቤት አገልጋይ ከኂሩት ጋር ተጋብቶ ልጅ ወለደ። የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወትም ኋላ የራሱን ሐተታ ጻፈ።