የሰው ዓይን የማይወድ ስክሪን

የላፕቶፕ ስክሪን ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነገር አለ። ክዳኑን እንነቀንቃለን። ወደ ኋላ እንገፋዋለን፣ ወደ ፊት እንመልሰዋለን፣ ጠርዙን ጫን እናደርገዋለን። ይሄ ሞኝነት አይደለም። ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ ምስል የሚያደርሰው ቀጭን ኬብል በማጠፊያው በኩል ስለሚያልፍ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ቢላላ ወይም ቢላጥ አይገርምም። ስትነቀንቁት ብልጭታው ከባሰ ወይም ከቆመ ኬብሉን ጠርጥሩ። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን እጃችሁን ሰብስቡና መጠየቅ ጀምሩ፤ መቼ ነው የሚጀምረው? መቼስ ነው የሚያቆመው?

የአክስቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሰርግ ጥሪ፣ የተማሪ አሳይንመንት... የሰፈሩ ወረቀት ግማሹ በእሷ ጣት ያለፈ ይመስለኛል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ። ቀለል እንዲለው ብዬ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩላት፤ ሦስት ዓመት ያለ ኮሽታ ሠራችበት።

አንድ ቀን ማታ ደወለች።

«ስክሪኑ አበደ» አለችኝ። «ስጽፍ ደህና ነው። ሰው መጥቶ ጎንበስ ብሎ ላንብ ሲል ይጀምረዋል። የሰው ዓይን አይወድም መሰለኝ።»

እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። ደንበኛ የሚርገበገብ ስክሪን ሲያይ ጽሑፉም የተበላሸ ይመስለዋል። አንድ ሰውዬ ሦስት ገጽ አቤቱታ አስጽፎ ሲያበቃ፣ ሊያርም ጎንበስ ባለበት «ይሄ ነገር ፍርድ ቤት ያዋርደኛል» ብሎ ሳይከፍል ሄዷል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን ደግሞ እየቀረበ ነበር፤ ከዓመቱ ሁሉ ቤቷ የሚሞላበት ጊዜ እሱ ነው።

ከተማው ውስጥ ላለ ጠጋኝ አሳይታው ነበር። ልጁ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ቲቪ ላይ ሰካው። ቲቪው ላይ ምንም የለም፣ ጥርት ያለ ምስል። «እንግዲያው የሞተው ስክሪኑ ነው፣ ይቀየር» አላት። የነገራት ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራይዋን ያክላል። በልጁ አልፈርድም፤ እኔም ብሆን መጀመሪያ የማስበው እንደዚያው ነው። እሷም ቶሎ አመነችው። ለማመን የራሷ ምክንያት ነበራት።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ እትዬ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ፣ ማሾ የተሞላ ጆንያ ውስጥ ሸጉጣ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችው። ስትመለስ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ለተበላሸ ነገር ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ያኔ የተጎዳ ነው።» ፍሪጁም ያኔ፣ ጉልበቷም ያኔ፣ የበሩ ቁልፍም ያኔ። ስክሪኑም ተራው የደረሰ መሰላት። ስክሪን ስለመቀየር ስታወራኝ ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ነበር የምትናገረው። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

መንገዱ ክፍት በነበረ አንድ ቅዳሜ ወረድኩ። ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ በጉምና በብርድ ታልፋላችሁ፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ትገዛላችሁ፤ ከዚያ ቁልቁል ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጃኬታችሁ እጃችሁ ላይ ሸክም ሆኖ ነው የምትደርሱት። ሙቀቱን ሳይ «ግሎ ይሆን?» አልኩ። ግን በማግሥቱ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከፈትነው፣ ያው ነው። ሙቀት ተሰረዘ። ክዳኑን ነቀነቅኩት፣ ለውጥ የለም።

ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገባሁና ቡና እስኪፈላ ዝም ብዬ ተውኩት። አንዴም አልተርገበገበም። ባዮስ ላይ ሊኑክስም የለም፣ የሊኑክስ ድራይቨርም የለም፤ ያለው ያው ስክሪንና ያው ኬብል ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ሞቷል የሚለው ነገር መነቃነቅ ጀመረ። ሚንት ዝመና ሲጭን የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አያጠፋውም፤ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የድሮውን መምረጥ ይቻላል። መረጥኩት። እትዬ ጎንበስ ብላ አፍጥጣ አየችው። ጸጥ! አዲሱን መለስኩ፣ ብልጭታውም ተመለሰ።

ታዲያ ቲቪው ለምን ደህና ሆነ? እዚህ ላይ ነው የእትዬ ቃል ትዝ ያለኝ። ስጽፍ ደህና ነው፣ ሲነበብ ይጀምረዋል።

ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይሣላል። ምንም ባይንቀሳቀስ እንኳ ግራፊክሱ ያንኑ ምስል ደጋግሞ ይልካል። ይሄ ባትሪ ማባከን ነው ተብሎ ፒኤስአር የሚባል ዘዴ መጣ። ምስሉ ካልተለወጠ ስክሪኑ የመጨረሻዋን ምስል በራሱ ትንሽ ሜሞሪ ይዞ ራሱ ይሥላታል፣ ግራፊክሱ ያንቀላፋል። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይነቃል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን በአንዳንድ ማሽን ላይ አተኛኘቱና አነቃቁ ከስክሪኑ ጋር አይስማማም፣ በእያንዳንዱ ርክክብ ምስሉ ብልጭ ይላል። ሰው ለማንበብ ዝም ሲል ጽሑፉ ላይ የምትንቀሳቀሰው ጠቋሚዋ ብቻ ናት፤ ጠፋች፣ በራች። ግራፊክሱም ተኛ፣ ነቃ። በፍጥነት ስትጽፍ ግን ለመተኛት ፋታ አያገኝም። ፒኤስአር ደግሞ የሚሠራው ላፕቶፑ ላይ በተገጠመው ስክሪን ላይ እንጂ በኤችዲኤምአይ በተሰካ ቲቪ ላይ አይደለም። የጠጋኙ ልጅ ሙከራ ትክክል ነበር፤ ግን ሁለት ተጠርጣሪዎችን ባንድ ላይ ነበር የያዘው።

ማውሱን ይዤ ክብ እየሠራሁ አሳየኋት። ብልጭታው ቆመ። ማውሱን ለቀቅኩ፣ ተመለሰ።

«ወይ አንተ! ሲነኩት ዝም የሚል ሕፃን አደረግከው እኮ» አለች።

መፍትሔው አንድ ሐረግ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ግራብ ላይ «ኢ» ን ተጭኖ፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ፣ አይ915 ለሚባለው ድራይቨር ፒኤስአርን ዜሮ አድርግ የሚል ትእዛዝ መጨመር። ይሄኛው መንገድ የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ አጥፍቶ ማብራት ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በዚህ ሞክሩ፣ ሲሳካ ብቻ የግራብ ፋይል ውስጥ በቋሚነት ጻፉት። ድራይቨራችሁ ሌላ ከሆነ ይሄ ትእዛዝ አይረባችሁም፤ የመጠየቂያው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ነፃ አይደለም ታዲያ። ባትሪዋ ድሮ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ትቆይ ነበር፣ አሁን 1 ሰዓት ከ35። መብራት በሚጠፋበት ከተማ 15 ደቂቃ አንድ ማመልከቻ ናት። ነገርኳት። ብዙም አላሰበችበት፤ «የሚነበብ ይሻለኛል» አለች። በሚቀጥለው ትልቅ ዝመና ትእዛዙን አንስታ እንደገና ትሞክር ዘንድም ነገርኳት፤ የከርነል ሰዎች እንዲህ ያለውን ያስተካክላሉ።

ቤት ስንገባ «ስለዚህ ያኔ የተጎዳ አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደለም እትዬ። ዝመና ነው።»

ዝም አለች። ቆይታ «ፍሪጁንም እየው እስቲ» አለችኝ። የፍሪጅ ሙያ የለኝም፤ ግን ከፍቼ አየሁት።

ከመመለሴ በፊት ደረጃ በደረጃ ያልኳትን ሁሉ በራሷ አማርኛ ጻፈችው፣ በትልቅ ፊደል አተመችው፣ ላሚኔት አድርጋ ከዋጋ ዝርዝሩ ሥር ለጠፈችው። ሻንጣዬን ስይዝ አንድ አዛውንት ገብተው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔት፣ ከዚያ የመጨረሻዋን።

«ይቺ ፒኤስአር ዋጋዋ አልተጻፈም» አሏት። «ስንት ነው የምታስከፍዪው?»