ጠባቧ ጫማ

ባለፈው ዓመት እዚህ ጭሮ ለወጣቶች ፕሮግራም አስቂኝ ድራማ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ታሪኩ ከውጭ አገር ስለተመለሰ አባት ነው። አባትየው ሻንጣውን ከፍቶ ለልጁ ጫማ ያወጣል። ጫማው የልጁን ጣቶች እንኳ አያስገባም። ልጁም ጫማውን እንደ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ሃሎ፣ አባዬ? አድጌያለሁ እኮ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከሒርናና ከበዴሳ የመጡ ወጣቶች «ይደገም!» እያሉ አጨበጨቡ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አልሳቀም። አባቴ ነበር። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ ያመጣልኝ ጫማ ነው ያ። ማታ እራቱን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ፤ ስለ ድራማው ምንም አላለም።

በዚያ ሰሞን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉትን የሕይወት ታሪካቸውን አነበብኩ። መጽሐፉን ያነሣሁት የጨርጨር ገዥ ሆነው ከተማችንን አሰበ ተፈሪን እንዳቀኑ ስለሰማሁ ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው ተለይተው ሩሲያ ሄዱ። እዚያ ሰው ቤት አድገው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ ጎልማሳ ሆነው ተመለሱ። የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ትያትር የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በእንስሳት ተረት የሹማምንቱን ጉድ ስላሳዩ ትያትሩ ታገደ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ ተሰደው ብዙ ዓመት ማዳጋስካር ኖሩ።

መጽሐፉን ስዘጋ አፈርኩ። እሳቸው የቀለዱት ሊቀጧቸው በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው። እኔ የቀለድኩት ዝም በሚል ሰው ላይ ነው። እሳቸው በባዕድ አገር ያሳለፉትን ዘመን ራሳቸው ተረኩት። የአባቴን ሰባት ዓመት ግን እኔ ጻፍኩት፤ ያውም አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቀው።

አንድ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ፣ «አባባ፣ ያችን ጫማ መቼ ነበር የገዛሃት?» አልኩት።

ስኒውን አስቀመጠ። «እናትህ የእግርህን ልክ በክር ለክታ በሰው ላከችልኝ። ክሩ በደረሰኝ ሳምንት ገዛሁ። በዚያው ዓመት ልመጣ ነበር፤ አሠሪዬ ፓስፖርቴንም ደመወዜንም ያዘብኝ። ጫማዋ ሦስት ዓመት አልጋዬ ሥር ተቀመጠች። እግርህ ማደጉ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ልጄ። ሌላ መግዣ አልነበረኝም፤ ባዶ እጄን መምጣትም አቃተኝ።»

ድራማ የምትጽፉ ጓደኞቼ፣ የቤታችሁን ሰው መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ቡና ላይ ጠይቁት።

ዘንድሮ ድራማውን እንደ ገና ጻፍኩት። አሁን አባትየው በመጨረሻ ከኪሱ ክር ያወጣል። ለመድረክ ሳላበቃው ለአባቴ አነበብኩለት። የስልኩን ቀልድ ልሰርዝ ብዕሬን ሳነሣ እጄን ያዘኝ።

«እሷን ተዋት» አለኝ፤ «ታስቃለች።»