«የእኔ ደም ምን ጎደለው?»

አማርኛችን ልጅን «የአብራክ ክፋይ» ይለዋል፤ ከወላጁ ተከፍሎ የወጣ ማለቱ ነው። ክፍፍሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከልጅም ወደ እናት የሚሄድ ነገር እንዳለ የተረዳሁት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በምኖርበት ዘመን ነው።

ጎረቤቴ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። ወንድሟ በደም ካንሰር ታመመና እኛም እንደ ልማዳችን ገንዘብ አዋጥተን ለሕክምና ወደ ካይሮ ላክነው። መቅኔ የሚለግሰው ዘመድ ሲፈለግ እርሷም ታናሽ ወንድማቸውም ተመረመሩ። አንድ ወንድም ወይም እኅት ከበሽተኛው ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ቢሆንም፣ ሁለቱም ገጠሙ። ሐኪሞቹ ግን ታናሹን መረጡ። «ጋሼ፣ የእኔ ደም ምን ጎደለው?» ብላ አለቀሰች።

መልሱን ከመጻሕፍት ፈለግሁ። ደሟ አልጎደለም፤ እንዲያውም ተጨምሮበታል።

የወንድ ሕዋሳት በዋይ ክሮሞዞም ትእዛዝ የሚሠሩ፣ በሴት አካል የማይገኙ ፕሮቲኖች አሏቸው። ከእነዚህ የሚመነጩት ምልክቶች ኤች-ዋይ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 አይክዋልድና ሲልምሰር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በዘር ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ አይጦች መካከል ሴቶቹ የወንዶቹን ቆዳ አንቀበልም እንዳሉ ገለጹ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሆላንድ፣ ላይደን ከተማ፣ መቅኔዋ ደም ማምረት ያቆመባት አንዲት ሴት ከእርሷ ጋር የገጠመውን የወንድሟን መቅኔ አካሏ ገፋው። ኤልስ ጉልሚና ባልደረቦቿ በሴትየዋ ደም ውስጥ የወንድ ሕዋሳትን ለይተው የሚገድሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አገኙ።

የሴት መቅኔ ለወንድ ሲሰጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንግዳው ደም የባለቤቱን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት ሊያጠቃ ይችላል። ለጋሿ ወንድ ልጅ ወልዳ ከሆነ ደግሞ፣ የሰውነቷ መከላከያ የወንድን ምልክት በእርግዝና ጊዜ ተዋውቆት ሊሆን ስለሚችል ሥጋቱ ይጨምራል። ዳያና ቢያንኪና ባልደረቦቿ በ1996 እንዳሳዩት፣ የወንድ ልጅ ሕዋሳት ከወሊድ በኋላ እስከ 27 ዓመት ድረስ በእናት ደም ውስጥ ተገኝተዋል። ስለዚህ ጎረቤቴ ልጆቿን «ሥጋዬ» ስትል ቃሏ ከዘይቤ ያለፈ ነበር።

ይሁንና ይህ ንቃት ጠላት ብቻ አይደለም። ከሕክምናው ያመለጡ የካንሰር ሕዋሳትን አሳድዶ ስለሚያጠፋ፣ ከሴት መቅኔ በወሰዱ ወንዶች ዘንድ የበሽታው ማገርሸት ሲቀንስ ታይቷል። ስለሆነም ሐኪሞች ጉዳቱንና ጥቅሙን ይመዝናሉ፤ ሌላ የሚገጥም ለጋሽ ከሌለ እኅት ትሰጣለች፤ የመከላከያውንም ቁጣ በመድኃኒት ያበርዱታል።

ይህንን ስነግራት ዕንባዋን ጠረገች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) የፈነዳው ጦርነት የካርቱምን ሰው ሲበትን እኛም ተለያየን። ዛሬ በየስደቱ አገር በሽተኛ ላለው ቤተሰብ የምለው ይህን ነው፦ እኅትም ወንድምም ይመርመር፤ የሐኪምን ምርጫ ግን ማንም የፍቅር ሚዛን አያድርገው።